ውኃ ያልተሻገረውን ሰው አሻገረው

(በሬዲዮ ከተነገረው ንግግር የተወሰደ)

አበው «እንግዳ በመጀመሪያው ቀን ወርቅ፣ በሁለተኛው ቀን ብር፣ በሦስተኛው ቀን ብረት» ሲሉ ይተርታሉ። ተረቱ የተነገረው ስለ ሰው ነው። ነገር ግን በባሕርና በሐይቅ፣ በወንዝና በቦይ ውስጥ እየገቡ የሚሠፍሩትን ባዕዳን ፍጥረታት ታሪክ ለተመለከተ ሰው፣ አበው ይህን ቃል ስለ እነርሱ የተናገሩት ሊመስለው ይችላል። በመጀመሪያ የሚያያቸው የለም፤ ወይም የሚያያቸው ሰው በመልካቸው ይደሰታል። ቀጥሎ ይለመዳሉ። በመጨረሻ ግን ባለቤቱን ከቤቱ ያስወጣሉ። ዛሬ ላወጋችሁ የፈለግሁት ስለ እነዚህ የውኃ እንግዶች ታሪክ ነው። ዘመኑን በአውሮፓ አቈጣጠር እናገራለሁ፤ በኢትዮጵያ አቈጣጠር የምጠቅሰውን «ዓ.ም.» በማለት ለይቼ አመለክታለሁ።

ነገሬን ከመተማ ልጀምር። ከጎንደር ተነሥቶ በአዘዞና በጭልጋ አድርጎ ወደ ምዕራብ ቈላ የሚወርድ መንገደኛ ሸሕዲን አልፎ መተማ ዮሐንስ ይደርሳል፤ ከዚያም አንድ ጠባብ የወንዝ ቦይ ተሻግሮ በሱዳን ምድር ገላባት ላይ ይቆማል። ይህ ስፍራ ከጥንት ጀምሮ የአገር በር ነው። የደጋው ነጋዴ ቡናና ሰም ይዞ ወርዶበታል፤ የቈላው ነጋዴም በግመል ጭኖ ወጥቶበታል። ከዳርፉርና ከዚያም ወዲያ የመጡት ተክሩሮች ሠፍረው ገበያውን አቅንተውበታል። በዚሁም በር መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ ከድርቡሽ ጦር ጋር ሲዋጉ ቈስለው ሕይወታቸው አልፏል። ከተማይቱ እስከ ዛሬ ድረስ ስማቸውን ይዛ ትኖራለች።

ይሁን እንጂ በዚያ ዘመን ለአገሪቱ ከሁሉ የከፋው ጠላት የገባው በመተማ በር አልነበረም፤ ሰይፍም አልታጠቀም ነበር። ከመተማው ጦርነት ሁለት ዓመት ያህል አስቀድሞ፣ በ1887፣ ጣልያኖች ለሠራዊታቸው ከባሕር ማዶ በምፅዋ በኩል ካስገቧቸው ከብቶች ጋር «ደስታ» የተባለው የቀንድ ከብት በሽታ ወደ አገር ገባ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከከብቱ ከአሥሩ ዘጠኙ እንዳለቀ የታሪክ ጸሐፊዎች ይገምታሉ። በሬ ያጣ ገበሬ ማረስ አልቻለም፤ ያልታረሰ ምድርም አላበቀለም። አያቶቻችን «ክፉ ቀን» ብለው የሰየሙት ዘመን የመጣው እንዲህ ባለ አኳኋን ነው። የንጉሠ ነገሥቱ ጦር አገሩን ለመጠበቅ በምዕራቡ በር ተሰልፎ ሳለ፣ በምሥራቁ በር በአንድ መርከብ ሆድ ውስጥ የገባው ጠላት ማንም ዘበኛ ሳይጠይቀው አለፈ። እንግዲህ የበር ጠባቂ ዐይን ማየት የሚገባው የጦር መሣሪያን ብቻ እንዳይደለ ከዚህ እንረዳለን።

ከዚህ በኋላ ወደ ውኃው ታሪክ እንለፍ። በባሕርና በጣፋጭ ውኃ ውስጥ የሚኖር፣ በሁለት ቅርፊት የተዘጋ አንድ ትንሽ ፍጥረት አለ። ለጌጥ የሚያገለግለውን ነጭ ዛጎል ማለቴ አይደለም፤ ከድንጋይ፣ ከእንጨትና ከመርከብ ገላ ላይ በቀጫጭን ክሮች ተጣብቆ፣ ውኃን እያጠለለ የሚመገበውን የዛጎል ወገን ማለቴ ነው። ይህ ፍጥረት ከተጣበቀበት ስፍራ ብዙ አይንቀሳቀስም። ልጆቹ ግን በዐይን የማይታዩ ደቃቅ ሆነው ከውኃው ጋር ይንሳፈፋሉ። ራሱ የማይሄድ ፍጥረት እንዴት አድርጎ ዓለምን ሊዞር ቻለ? መልሱ አጭር ነው፤ ሰው ተሸከመው።

እግዚአብሔር ሲፈጥረው ቀይ ባሕርና የሜዲትራንያን ባሕር በአሸዋ ግድግዳ የተለያዩ ነበሩ። በ1869 የሱዌዝ ቦይ ተከፈተ፤ ነገሥታትና መኳንንት በመርከብ ተሳፍረው በታላቅ በዓል ተሻገሩት። ከነዚያ መርከቦች በኋላ ግን ያልተጋበዙ መንገደኞችም ተከተሉ። በ1876፣ ማለት ቦዩ በተከፈተ በሰባተኛው ዓመት፣ አንድ የቀይ ባሕር ትንሽ ጥቁር ዛጎል በፖርት ሳይድ ተገኘ። ከዚያም በሜዲትራንያን ምሥራቃዊ ጠረፍ እየተስፋፋ ሄዶ፣ በብዙ ስፍራ የአገሩን ዛጎል ከዓለቱ ላይ አስለቅቆ ተተካ። ቦዩን የቈፈሩት ሰዎች ያሰቡት ለመርከብ ነበር፤ በር ከተከፈተ በኋላ ግን ማን እንደሚገባበት የሚወስነው የበሩ ሠሪ ብቻ አይደለም።

ሁለተኛውም ምሳሌ ከዚህ የሚበልጥ ነው። በካስፕያን ባሕርና በጥቁር ባሕር አካባቢ ባሉ ወንዞች የሚኖር፣ ገላው እንደ ሜዳ አህያ ዥንጉርጉር የሆነ ዛጎል አለ። ፓላስ የተባለው ሊቅ በ1771 ስለ እርሱ ሲጽፍ የሩቅ አገር ፍጥረት ነበር። የአውሮፓ መንግሥታት ወንዞቻቸውን በቦይ እያገናኙ ንግዳቸውን ባስፋፉበት ዘመን፣ ይህ ዛጎል በእንጨት ጭነትና በጀልባ ገላ ተጣብቆ ወደ ምዕራብ ተጓዘ፤ በ1824 በሎንዶን ወደብ ታየ። ከዚያም ከአንድ መቶ ስድሳ ዓመት በላይ የአትላንቲክ ውቅያኖስ ከአሜሪካ ለይቶት ኖረ። ይህን ጨዋማ ውቅያኖስ በራሱ ሊሻገር አይችልም፤ የጣፋጭ ውኃ ፍጥረት ነውና። መርከቦች ግን ባዶአቸውን ሲሄዱ እንዳይገለበጡ በሆዳቸው ውኃ ይሞላሉ፤ በደረሱበትም ወደብ ይደፉታል። በ1988 በአሜሪካና በካናዳ ወሰን ባለው በሴንት ክሌር ሐይቅ ውስጥ ይኸው ዛጎል ተገኘ።

ከዚህ በኋላ የሆነው ነገር በጣም ፈጣን ነበር። አንዲት እንስት በዓመት እስከ አንድ ሚሊዮን እንቁላል ልትጥል ትችላለች ይባላል። በሁለት ዓመት ውስጥ ዛጎሉ በአምስቱም ታላላቅ ሐይቆች ውስጥ ሠፈረ። በ1989 ሞንሮ የምትባለው የሚሺጋን ከተማ ውኃ የምትስብበት ቧንቧ በዛጎል ተደፍኖ ሕዝቡ ውኃ አጣ። በሐይቅ ዳር የተቀመጠ ከተማ ከጥፍር በማይበልጥ ፍጥረት ምክንያት ውኃ ሲጠማው ማየት፣ «የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው» ከሚለው የእኛ ተረት ጋር ምን ያህል ይመሳሰላል! የአሜሪካ መንግሥት ስለዚህ ነገር ሕግ ያወጣው በ1990 ነበር። በመርከብ ሆድ ስለሚጓዘው ውኃ ብዙ መንግሥታት የተስማሙበት ውል የተጻፈው በ2004፣ በሥራ ላይ የዋለው ደግሞ በ2017 ነው። ሕጉ መልካም ሕግ ነው፤ ዛጎሉ ግን ከሕጉ ቀድሞ ገብቶ ነበር። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ ነው።

አንባብያን ሆይ፤ ነገሩ ሁልጊዜ እንዲህ ይፈጸማል ብላችሁ ተስፋ እንዳትቈርጡ የአንዲት ከተማን ታሪክ ልጨምርላችሁ። ዳርዊን የምትባለው የሰሜን አውስትራልያ ወደብ ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ እጅግ ከፍና ዝቅ የሚልባት ስለ ሆነች፣ የጀልባ ማረፊያዎቿ መዝጊያ ባለው በር ከባሕሩ የተለዩ ናቸው። በመጋቢት 1999 ውኃውን የሚመረምሩ ሊቃውንት ወደ አንዱ ማረፊያ ጠልቀው ሲመለከቱ፣ ከስድስት ወር አስቀድሞ አንድ እንኳ ያልነበረበት ስፍራ ከካሪቢያን ባሕር በመጣ ባለ ጥቁር መስመር ዛጎል ተሸፍኖ አገኙት። ባለ ሥልጣኖቹ «ጉዳዩ ይጠና» ብለው አላሳደሩትም። ማረፊያዎቹን ዘጉ፤ ከዚያ ወጥተው የሄዱትን ጀልባዎች እየተከታተሉ አስመረመሩ፤ በተዘጋውም ውኃ ውስጥ ዛጎሉን የሚገድል መድኃኒት ጨመሩ። ዋጋው ቀላል አልነበረም፤ ከሁለት ሚሊዮን የአውስትራልያ ዶላር በላይ ወጣበት፤ በመድኃኒቱም ሌላው የውኃ ፍጥረት አብሮ ተጐዳ። ነገር ግን አንድ ወር ያህል እንዳለፈ ዛጎሉ ፈጽሞ ጠፋ። አሜሪካ በየዓመቱ ብዙ ገንዘብ እያፈሰሰች ያልቻለችውን ዳርዊን በአንድ ወር ቻለች። ልዩነቱ በገንዘብ ብዛት አይደለም፤ በሩ ሳይመሽ መዘጋቱ ነው። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ይህንኑ ነው።

«እኛ ዛሬ የባሕር ጠረፍ የለንም፤ የዛጎል ታሪክ ምን ያደርግልናል?» የሚል ይኖር ይሆናል። መልካም ጥያቄ ነው። ለዚህ መልስ የሚሆነው በገዛ ሐይቃችን ላይ ተዘርግቶ የምናየው እምቦጭ ነው። ቅርፊት የለውም፤ ቅጠልና አበባ አለው። ታሪኩ ግን ከዛጎሉ ታሪክ አይለይም።

እምቦጭ የደቡብ አሜሪካ፣ ይልቁንም የአማዞን ወንዝ አገር ተወላጅ ነው። ማርቲዩስ የተባለው የጀርመን ሊቅ በ1823 ስለ እርሱ ጽፎ ለዓለም አስታወቀ። ቅጠሉ አረንጓዴና የሚያብረቀርቅ፣ አንገቱ እንደ ፊኛ የተነፋ፣ አበባውም ወይን ጠጅ ቀለም ያለው እጅግ ያማረ ነው። ባማረ ጊዜም ወርቅ ሆነ። በግብፅ በከዲቭ ተውፊቅ ዘመን፣ ማለት ከ1879 እስከ 1892 ባለው ጊዜ ውስጥ፣ ለአትክልት ስፍራ ጌጥ ተብሎ ገባ። በሰሜን አሜሪካም በ1884 በኒው ኦርሊንስ በተደረገው የዓለም የጥጥ ኤግዚቢሽን ለሕዝብ ታይቶ በየቤቱ ኩሬ እንደ ተተከለ ይነገራል። ከኩሬ ሲበዛ ወደ ወንዝ ተጣለ፤ ከወንዝም መርከብን የሚያግድ ምንጣፍ ሆነ።

በዚህ ነገር አሜሪካኖች ምን ያህል እንደ ተጨነቁ ከሚያሳዩት ታሪኮች አንዱን ብነግራችሁ ፈገግ ትላላችሁ። በ1910 ብሩሳርድ የተባለው የሉዊዚያና እንደራሴ፣ ከአፍሪካ ጉማሬ አስመጥተን በወንዞቻችን እናሠማራ፤ አረሙን ይብላልን፤ እኛም ሥጋውን እንብላ የሚል የሕግ ረቂቅ ለምክር ቤት አቀረበ። ረቂቁ ሳይጸድቅ ቀረ። ጉማሬ ቀን በውኃ ውስጥ ተኝቶ ውሎ ሌሊት ወደ ሜዳ ወጥቶ ሣር እንደሚግጥ የጣና ዳር ገበሬ ቢጠየቅ ኖሮ፣ ያ ሁሉ ክርክር ባላስፈለገም ነበር። ይህን የምናገረው ለሣቅ ብቻ አይደለም፤ በመጀመሪያው ቀን በአንድ እጅ የሚነቀል ነገር ሲቈይ ብልህ ሰዎችን እንኳ ወደ እንዲህ ያለ አሳብ እንደሚያደርስ ለማስታወስ ነው።

ከዚያ ወዲህ እምቦጭ በአፍሪካ የተጓዘበትን መንገድ በየዓመቱ መከተል ይቻላል። በ1952 በኮንጎ ወንዝ ታየ። በ1958 በሱዳን በነጭ ዓባይ ላይ ከጁባ እስከ ጀበል አውሊያ ግድብ ድረስ ተዘርግቶ ተገኘ። የሱዳን መንግሥትም ለብዙ ዓመታት በጀልባ እየዞረ መድኃኒት ሲረጭበት ኖረ። በአገራችን በ1960 የቆቃ ግድብ ተሠርቶ አዋሽ በዚያ ተጠራቀመ፤ በ1965 እምቦጭ በቆቃ ሐይቅና በአዋሽ ወንዝ ላይ መኖሩ ታወቀ። በ1989 ወደ ቪክቶሪያ ሐይቅ ደረሰ። ከአሥር ዓመት ባነሰ ጊዜም ዓሣ አጥማጁ ጀልባውን ከዳር ማንቀሳቀስ አቃተው። በዚያ ሐይቅ ላይ ከ1995 ጀምሮ ከአረሙ ተወላጅ አገር የመጣ፣ ሌላ ተክል የማይነካ አንድ ትንሽ የጢንዚዛ ወገን ተለቆበት ብዙ ረድቷል። ይህም መድኃኒት ቢሆን ዓመታትን የሚጠይቅ እንጂ በአንድ ጀምበር የሚሠራ አይደለም።

በመጨረሻም ተራው የእኛ ሆነ። በ2011 እምቦጭ በጣና ሐይቅ ላይ መሥፈሩ በይፋ ታወቀ። መጀመሪያ የታየውም በሰሜኑ ዳር፣ በደምቢያ በኩል፣ የመገጭ ወንዝ ወደ ሐይቁ በሚገባበት አጠገብ ነው። ጣና ምን እንደ ሆነ ለእናንተ መንገር አያስፈልግም። ስፋቱ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይበልጣል፤ ጥልቀቱ ግን በጣም ከጠለቀበት ስፍራ እንኳ 14 ሜትር ያህል ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ሰፊና ጥልቀት የሌለው፣ ዳሩም ከእርሻ በሚታጠብ ለም አፈር የሚሞላ ሐይቅ ለእምቦጭ የተደገሰ ግብዣ ነው። በዓለም ላይ በሌላ ስፍራ የማይገኙ የዓሣ ዘሮች በጣና አሉ፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ ሊራቡ ወደ ገባር ወንዞች የሚወጡ ናቸውና የወንዙ አፍ ሲዘጋ መንገዳቸው ይዘጋል። ታንኳ የሚሠራበት ደንገል በአረሙ ይታፈናል። ከብት ውኃ ለመጠጣት ሲወርድ ዳሩ ይጠፋበታል። ገበሬውም ውኃው ሲሸሽ የሚያርሰውን መሬት በአረም ተሸፍኖ ያገኘዋል።

ከዚህ በኋላ የተደረገው ትግል የአገሩን ሕዝብ የሚያስመሰግን ነው። የደምቢያና የጎርጎራ፣ የፎገራና የሊቦ ገበሬ እስከ ደረቱ ውኃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ነቀለ። በ2017 ከኦሮሚያ የመጡ ወጣቶች «ጣና ኬኛ»፣ ማለት «ጣና የእኛ ነው» እያሉ ባሕር ዳር ድረስ ተጉዘው አረሙን ነቀሉ። በጥቅምት ወር 2013 ዓ.ም. ብዙ ሕዝብ የተሳተፈበት ዘመቻ ተደረገ። የማጨጃ መሣሪያም ወደ ሐይቁ ገባ። ይሁን እንጂ አረሙ የሚራባው በሁለት መንገድ ነው፤ ከግንዱ በሚዘረጋ ሐረግ አዲስ ቡቃያ ያወጣል፤ ከአበባውም ዘር ይጥላል። ዘሩም በጭቃ ውስጥ እስከ ሃያ ዓመት ሳይበሰብስ ሊቈይ ይችላል። ስለዚህ ዛሬ የጸዳው ዳር ከሁለት ክረምት በኋላ እንደገና አረንጓዴ ሆኖ ሲታይ ገበሬው ሰነፈ ማለት አይገባም፤ ያበደረው ጭቃ ነው።

መሥሪያ ቤት ውላችሁ በቍጥር የምትሠሩ ሰዎች ናችሁና ይህን አንድ ስሌት አስቡልኝ። እምቦጭ አየሩና ውኃው ሲመቸው በሁለት ሳምንት ውስጥ እጥፍ ይሆናል። አንድ ተክል በአርባ ሳምንት ውስጥ ሃያ ጊዜ እጥፍ ቢሆን ከ1,048,000 በላይ ይሆናል። በመጀመሪያው ሳምንት አንድ እረኛ በበትሩ ጐትቶ የሚያወጣው ነገር፣ ዓመት ሳይሞላው የአንድ ወረዳ ሕዝብ የማይችለው ሸክም ሆነ ማለት ነው። በዚህ ስሌት መካከል አንድ ደብዳቤ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ሁለት ወር ቢያድር፣ ሥራው በአሥራ ስድስት እጥፍ እንዲበዛ ፈቀድን ማለት ነው።

አሁን ወደ ሸሕዲ እንመለስ። ገንዳ ውኃ ተብላ የምትጠራው ይህች ከተማ ስሟ ከውኃ ጋር የተያያዘ መሆኑ ያለ ምክንያት አይደለም። አገሩ የወንዝ አገር ነው። ከጎንደር በስተምዕራብ ያለው የደጋው ከፍታ ውኃውን ለሁለት ይከፍለዋል። ወደ ደቡብ የወረደው በመገጭና በመሰሎቹ አድርጎ ጣና ይገባል። ወደ ምዕራብ የወረደው ጓንግ ሆኖ በመተማ ቈላ ያልፍና በሱዳን ምድር አትባራ ተብሎ ዓባይን ያገኛል። ሽንፋም እንዲሁ ወደ ሱዳን ሲወርድ ራሀድ ይባላል፤ መጨረሻውም ዓባይ ነው። እንግዲህ በጣና ሰሜናዊ ዳርና በጓንግ ምንጭ መካከል ያለው ርቀት ሃምሳ ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ሲሆን፣ አንዱን ከሌላው የለየው የተራራ ወገብ ነው። እምቦጭ ይህን ተራራ በውኃ ላይ ተንሳፎ ሊያልፈው አይችልም።

ሊያልፈው አይችልም ስል ግን የሱዌዝን አሸዋና የአትላንቲክን ጨው አስታውሱ። ዛጎሉም እነርሱን በራሱ ሊያልፋቸው አልቻለም ነበር። ከደጋው ወደ መተማ ቈላ በየዓመቱ ሰሊጥ ለማረምና ለማጨድ የሚወርደው ሠራተኛ እጅግ ብዙ ነው። መኪናው ሰውና ከብት፣ መኖና ዕቃ ጭኖ በዚያው መንገድ ይመላለሳል። በአንድ የዓሣ መረብ ቋጠሮ የተያዘ ቍራጭ፣ በእርጥብ መኖ ውስጥ የተቀላቀለ ሥር፣ በጫማ ጭቃ የተጣበቀ ዘር፣ ወይም አበባው አምሮት አንድ የዋህ ሰው በጣሳ ውኃ ይዞት የወረደ ተክል ይበቃል።

በቈላው ወንዝ አንድ ነገር ከገባ ደግሞ ምን ያህል ፈጥኖ እንደሚሄድ ለማወቅ የሳሙኤል ቤከርን ታሪክ ማስታወስ ይጠቅማል። ይህ እንግሊዛዊ ተጓዥ በ1861 በአትባራ ዳር ሠፍሮ ነበር። ወንዙ በበጋ ደርቆ፣ በየስፍራው የቀሩት ኩሬዎች ብቻ ነበሩ፤ ዓሣው፣ አዞውና ጉማሬው ሁሉ በእነዚያ ኩሬዎች ተጨናንቆ ይኖር ነበር። በሰኔ ወር በአንድ ሌሊት እንደ ነጐድጓድ ያለ ድምፅ ተሰማ፤ ሰዎቹ «ወንዙ! ወንዙ!» እያሉ ጮኹ። ሲነጋም ትናንት አሸዋ የነበረው ስፍራ ታላቅ ወንዝ ሆኖ አገኘው። ያ ውኃ ከኢትዮጵያ ደጋ የወረደ ነበር። እንግዲህ በበጋ በአንድ የጓንግ ኩሬ ውስጥ ተሸሽጎ የቈየ አረም፣ የመጀመሪያው ደራሽ በመጣ ሌሊት ወሰን ተሻጋሪ ይሆናል። በሱዳን በዚያው ወንዝ ላይ በ1964 የኻሽም ኤል ጊርባ ግድብ ተሠርቷል፤ ከእርሱም በላይ በአትባራና በሰቲት ላይ የተሠሩት ግድቦች በ2017 ተመርቀዋል። የረጋ ውኃ ደግሞ የእምቦጭ አልጋ ነው። እኛም ብንሆን ከጣና በሚወጣው ዓባይ ላይ በ2025 የተመረቀ ታላቅ ግድብ አለን። ስለዚህ ይህ የአንድ ወረዳ ወይም የአንድ ሐይቅ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ጎረቤትም የሚጠይቀን፣ ልጆቻችንም የሚጠይቁን ጉዳይ ነው።

የተከበራችሁ አንባብያን፤ ይህን ሁሉ ታሪክ አንድ ላይ ስናየው የሚያስተምረን አንድ ነገር ነው። ተፈጥሮ በየውኃው መካከል ያቆመችው ግድግዳ ነበረ፤ ግድግዳውን ያፈረሰው በሁሉም ስፍራ ሰው ነው። ያፈረሰውም በክፋት አይደለም። ቦይ የቈፈረው ለንግድ፣ መርከቡን ውኃ የሞላው ለደኅንነት፣ አበባውን የተከለው ለውበት ነው። ጥፋቱ በሩን መክፈቱ ሳይሆን፣ ከከፈተ በኋላ ዘበኛ አለማቆሙ ነው። ንግድ ይቁም፣ መንገድ ይዘጋ የሚል ሰው ቢኖር መተማን አያውቃትም፤ መተማ የምትኖረው በበርነቷ ነውና። የሚያስፈልገው በር የሚዘጋ ሰው ሳይሆን በሩን የሚያይ ሰው ነው።

ያም ሰው ማን ነው? እስቲ አንድ ነገር እናስብ። በቈላው ወንዝ ዳር ከብት የሚጠብቅ ልጅ ከዚህ በፊት ያላየውን ወይን ጠጅ አበባ አይቶ ለአባቱ ይነግራል እንበል። አባትዬው ወደ ቀበሌ ይሄዳል። የቀበሌው ጸሐፊ «ለሚመለከተው ክፍል» ብሎ ይጽፋል። የሚመለከተው ክፍል ደግሞ ይህ የእርሻ ነው ወይስ የውኃ፣ የዓሣ ነው ወይስ የአካባቢ ጥበቃ እያለ ይመራመራል። ወረቀቱ በዚህ መካከል ከአንድ ጠረጴዛ ወደ ሌላው ይሄዳል፤ አበባው ግን መሪ ደብዳቤ ሳይጠብቅ ዘሩን ይጥላል። በዳርዊን ወደብ የሆነው ከዚህ የተለየ ነበር። ያየው ሰው ተናገረ፤ የሰማው ሰው በዚያው ሳምንት በሩን ዘጋ። እንዲህ ያለውን ሥራ የሚሠራው ሊቅ ወይም ባለ ጠጋ ብቻ አይደለም። ደብዳቤውን በደረሰበት ቀን የሚያነብ ጸሐፊ፣ በኬላ ላይ መረቡንና መኖውን የሚመለከት ተቈጣጣሪ፣ ተክሉን ከእነ ሥሩ ነቅሎ ከውኃ ርቆ እንዲደርቅና እንዲቃጠል የሚያስተምር የግብርና ሠራተኛ ይሠራዋል። እነዚህም ሁሉ የመንግሥት ሠራተኞች ናቸው፤ እናንተው ናችሁ።

«ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» ይላል ያገራችን ሰው። የጣና ገበሬ ዛሬ በእጁ የሚነቅለው አረም አንድ ቀን፣ በአንድ ስፍራ፣ አንድ ተክል ብቻ ነበረ። ያን ቀን ማንም ሳያየው አለፈ። በጓንግ፣ በሽንፋና በገንዳ ውኃ ዳር ግን እንዲህ ያለው ቀን ቢመጣ፣ አይተን እንዳላየን የምንሆንበት ምክንያት የለንም፤ የዛጎሉንም የእምቦጩንም ታሪክ ሰምተናልና። እንግዳው ገና ወርቅ መስሎ በሚታይበት በመጀመሪያው ቀን «ከወዴት መጣህ?» ብሎ መጠየቅ ክፉ አስተናጋጅነት አይደለም፤ ቤትን መጠበቅ ነው።